ከባሕር ወለል በላይ ዘጠና ስድስት ሜትር

ሃያ ሰባት ዓመት ምድር ባቡር ውስጥ ሠርቻለሁ። ፈረንሳይኛ የተማርኩት እዚያ ነው እንጂ ፈረንሳይ አገርን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሠራሁትን ጥፋት ስትሰሙ "ምነው ሽማግሌው፣ ይህንንም አያውቅም?" እንዳትሉኝ ነው። የተሳሳትኩት አውቃለሁ ብዬ ነው። ባላውቅማ እጠይቅ ነበር።

አሁን መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሀና የምትባል ወጣት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ አለችኝ። ሀና ኮፒ ታነሳለች፣ ትተይባለች፤ እኔ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፈረንሳይኛ ሲመጣም እተረጉማለሁ። ፈረንሳይኛ የሚመጣው ቢበዛ በዓመት ሦስት ጊዜ ነው። ስለዚህ በኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ገበያነሽ ፖስታ በሁለት እጇ ይዛ ገብታ "ፈረንሳይኛ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት?" ስትለኝ ደስታዬን ዋጥ አድርጌ መነጽሬን ቀስ ብዬ አጠለቅሁ።

ገበያነሽ ለቡ ውስጥ በሚሠራ አንድ ሕንጻ ላይ ለሠራተኞቹ ምሳ የምታበስል ሴት ናት። አርባ አምስትን ሳትሻገር አትቀርም። ትውልዷ ወላይታ ነው፣ ከሶዶ ወጣ ብሎ ዳሞታ ተራራ ሥር። ፖስታውን የሰጣት የሶዶ ቤተ ክርስቲያናቸው ነው። ውስጡ በእጅ የተጻፈ አንድ አጭር ደብዳቤና ከኢንተርኔት የታተሙ ሁለት ገጾች ነበሩ። ደብዳቤውን መጀመሪያ አነበብኩላት።

"እናቴ፣ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ስለ ራሴ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀደድኩት። ስለዚህ ያደግሁበትን መንደር ልኬልሻለሁ። ቫልሞሪ ይባላል። አንቺም የተወለድኩበትን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ዝማሬ።"

ግርጌው ላይ በሌላ ሰው እጅ፣ በአማርኛ፣ ደብዳቤውን ከፈረንሳይ አምጥታ ለቤተ ክርስቲያኑ የላከችው ዙሌካ የምትባል ሴት ሐሙስ ወደ ፈረንሳይ እንደምትመለስ፣ አንድ ኪሎ ዕቃ ልትወስድ እንደምትችል፣ እስከ ረቡዕ ላፍቶ እህቷ ቤት እንዲደርስላት ተጽፏል። ስልክ ቁጥርም አለው።

"መጨረሻ ላይ ያለውን ይድገሙልኝ" አለችኝ ገበያነሽ።

"ደስ ይለኛል የሚለውን?"

"የለም፣ ስሟን።"

ዝማሬ ብዬ ደገምኩላት። "አልቀየሩትም" አለችና ቁጭ አለች። ወንበሩን ያቀረበችላት ሀና ናት፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ባሏ ሞተ። እሷን ደግሞ የሳንባ በሽታ ጣላትና አትድንም ተባለ። የባሏ ወንድም ልጅቷን ለማደጎ ሲያስመዘግብ እሷም ፈረመች። ዝማሬ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። በስምንተኛው ወር ገበያነሽ ዳነች። ልጅቷ ግን ሄዳለች፣ ያስመዘገባት ድርጅትም ቢሮውን ዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት።

"የሄደች ዕለት ስስ ቀሚስ ነበር ያለበሷት" አለችኝ። "ሶዶ መናኸሪያ፣ ማለዳ ላይ። ትንቀጠቀጥ ነበር። አሁን አንድ ልብስ ነው የምልክላት፣ እሱንም ለአገሩ የሚሆን። ጋሽ መኩሪያ፣ እባክዎ ይህንን ወረቀት አንብበው አገሩ ይበርዳል ወይ የሚለውን ይንገሩኝ። ሌላው ቢቀርም ይቅር።"

እንግዲህ የመጀመሪያውን ገጽ ዘረጋሁ። መልክዓ ምድር ይላል። ቫልሞሪ በመካከለኛው ፈረንሳይ፣ ወደ ደቡብ ባዘነበለው በኩል፣ ሎርን ከሚባል ወንዝ ዳር ያለች የገጠር መንደር ናት። ስንዴ፣ ሱፍና ወይን ይመረትባታል። ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ በስተምሥራቅ ብቻ ትንሽ ኮረብታ አለ። ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ዘጠና ስድስት ሜትር፣ ከፍተኛው ሁለት መቶ አርባ አንድ።

ዘጠና ስድስት። ይህን ቁጥር ሳይ ገና ግንባሬን ላብ ላብ ያለኝ መሰለኝ። የእኛ ጣቢያዎች ሰሌዳ ላይ ከፍታቸው ተጽፎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ሰሌዳ በቃሌ የያዝኩ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ምናምን፤ ካፖርት ትለብሳለህ። ድሬዳዋ ሺህ ሁለት መቶ፤ በሸሚዝ ትሄዳለህ። አዋሽ ዘጠኝ መቶ ገደማ፤ ሸሚዙንም ታወልቃለህ። ጅቡቲ ደርሰህ ዜሮ ሲሆን በእኩለ ቀን ከቤት የወጣ ሰው ጤነኛ አይደለም። ዘጠና ስድስት ማለት ለኔ ከዚህ ሌላ ምንም ማለት አልነበረም።

"ቆላ ነው" አልኳት። "ያውም የለየለት በረሃ። አዋሽን ታውቂያለሽ? ከአዋሽ በጣም ዝቅ ይላል።"

ገበያነሽ ደነገጠች። "ወባ አለ?"

"ወባ እንኳ ሐኪሞቻቸው አጥፍተውት ይሆናል።"

ሀና ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ ቀና አለች። "ጋሼ፣ ፈረንሳይ በረዶ አይደለም እንዴ? ፊልም ላይ ሁሉም ካፖርት ለብሶ ነው የማየው።"

"እሱ ፓሪስ ነው፤ ሰሜን ነው። ይኼ ወይን የሚያበቅል ቆላ ነው። ወይን ደጋ ላይ ይበቅላል?"

"ለሴትየዋ ስልክ ደውለን ብንጠይቅስ? ቁጥሩ አለ አይደል።"

ተቆጣሁ። አልዋሽም፣ በጣም ነው የተቆጣሁት። "ከፍታው በሜትር ተጽፎ እያለ በስልክ ምን ሊጠየቅ?" አልኳት። ሀና ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ገበያነሽ ግን አመነችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ "እኔ ጋቢ ነበር ያሰብኩት" አለች። "ማጉን ራሴ ነው የፈተልኩት፣ የሄደች ዓመት። የሚወስድልኝ አጥቼ እስካሁን ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ታዲያ ጋቢው ይተዋል?"

"በዚያ ሙቀት በጋቢ ልታፍኛት ነው?" አልኳት። ይህችን ቃል ዛሬም ሳስታውሳት ምላሴን እነክሳለሁ።

እንግዲያው ቀሚስ ይሁን ተባለ፤ ስስ፣ ነጭ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ። ላፍቶ አንድ ልብስ ሰፊ ታውቃለች፣ በሁለት ቀን ያደርስላታል። የገጹ መጨረሻ ላይ የሕዝብ ብዛት ሰንጠረዥ ነበረ። እሱንም አነበብኩላት። በነሱ አቆጣጠር 1901 ላይ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ ከዚያ እየቀነሰ እየቀነሰ 2006 ላይ መቶ ሰማንያ ሦስት፣ 2011 ላይ መቶ ሰማንያ ስድስት።

"እሷ የገባችው የትኛው ላይ ነው?" አለችኝ።

ዘመኑን ወደነሱ መለስኩት። የሄደችው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ነው። "ሦስት ሰው ጨምሯል፤ ከሦስቱ አንዷ እሷ ናት" አልኳት።

ጣቷን መቶ ሰማንያ ስድስት ላይ አስቀመጠች። ፊደል አጥርታ አታነብም፣ ቁጥር ግን ታውቃለች። አነሳችና መልሳ እዚያው አስቀመጠች። ሁለተኛውን ገጽ፣ ታሪክ የሚለውን፣ ላነብላት ስል የሠራተኞቹ ምሳ ሰዓት ደረሰባት። "ታሪኩ ይቆይሽ፤ የሞቱ ሰዎች ወሬ ነው፣ አንቺን የሚጠቅምሽ መልክዓ ምድሩ ነው" ብዬ አሰናበትኳት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ላፍቶ ስትሄድ ትርጉሙን በእኔ በኩል አልፋ ልትወስድ ተስማማን።

ረቡዕ ጠዋት ሻዬን ይዤ ታሪኩን ተቀመጥኩበት። ብዙም የሚያጓጓ አልነበረም። ወፍጮው የተሠራበት ዓመት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሁለት ጊዜ መውደቁ፣ ድልድዩን ጎርፍ መውሰዱ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አሥራ ዘጠኝ ወጣቶች መሞታቸው። ከሥር ስማቸው ተዘርዝሯል፤ ሦስቱ ወንድማማቾች ናቸው። ለሰዎቹ አዘንኩላቸው፤ በትንሽ መንደር አሥራ ዘጠኝ ሰው ቀላል አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ማንበብ ጀመርኩ፤ እጄ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

"በፈረንጆች የካቲት 1956 ሎርን ወንዝ ለሃያ ሁለት ቀናት በረዶ ሆነ። ልጆች በላዩ ተራምደው ትምህርት ቤት ሄዱ። የመንደሩ ወይን በሙሉ በብርድ ደረቀ። ነዋሪዎች የሚያነዱት እንጨት አልቆ የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች አነደዱ። ሁለት አረጋውያንና አንድ ሕፃን በብርድ ሞቱ።"

ደግሜ አነበብኩት። ምናልባት መዝገበ ቃላት ያሻ እንደሆን ብዬ መዝገበ ቃላት አወጣሁ። በረዶው በረዶ ነው፣ ብርዱም ብርድ ነው።

"ሀና" አልኳት፣ "እስቲ በስልክሽ የአንድ ቦታ አየር ፈልጊልኝ።"

ስሙን ፊደል በፊደል ነገርኳት። ፈለገች፣ አየች፣ አንዴ ወደኔ አንዴ ወደ ስልኩ ተመለከተች። "ዛሬ ጠዋት አንድ ዲግሪ ነው ይላል፤ ለሌሊት ከዜሮ በታች" አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ትንሣኤ ትቀልድብኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አንድ ቃል አልጨመረችም። እንዲያውም ኮቴን ከመስቀያው አውርዳ አቀበለችኝ። እሱ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

ለካ የኛ አገር ከፀሐይ መንገድ ሥር ስለሆነች ነው ከፍታ ብቻ የሚያበርዳት። እዚያማ በባሕር ዳርቻውም በረዶ ይጥላል። ይህንን ዕድሜ ልኬን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ከዚያ ሰሌዳ ጋር ግን አንድም ቀን አገናኝቼው አላውቅም። ገበያነሽም ይኸው በእኔ ቃል ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ በስስ ቀሚስ ልትሸኝ ነው።

ስልክ ደወልኩላት፤ አይነሳም፣ ድስት ላይ ናት። ታክሲ ተሳፍሬ ለቡ ሄድኩ። ረዳቱ "አባባ፣ ጠጋ ይበሉ" ሲለኝ ተነጫነጭኩበት፤ ልጁ ምንም አላጠፋም። ሕንጻውን ሁለት ሰው ጠይቄ አገኘሁት። ገበያነሽ ከቆርቆሮው ማብሰያ ቤት እጇን እየጠረገች ወጣች። ያመመኝ መስሏት "ምነው፣ ደህና አይደሉም?" አለችኝ።

"ገበያነሽ፣ አገሩ ይበርዳል።"

"ቆላ ነው ብለውኝ አልነበር?"

"ተሳስቼ ነው። ወንዙ ሳይቀር በረዶ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት እንኳ እዚህ በሌሊት ከሚበርደው በላይ ይበርዳል።"

"ቁጥሩስ?"

"ቁጥሩ ልክ ነው። ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ።"

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወደ ማብሰያ ቤቱ መለስ አለች። ከዚያ ለጓደኛዋ ጭልፋውን ሰጥታ "ኑ" አለችኝና ሁለት ቤት አልፎ ወዳለችው የኪራይ ክፍሏ ወሰደችኝ። ቀሚሱ በንጹሕ ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ አልጋው ላይ ተቀምጧል። አልነካችውም። ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ጎትታ ጋቢውን አወጣችው። ወፍራም፣ የፈትሉ ጥንካሬ በእጅ የሚታወቅ፣ ጥለቱ ቀላ ያለ ጋቢ ነው።

"ያን ዕለት መናኸሪያው ላይ እኔ ጋቢ ለብሼ ነበር" አለችኝ ሳታየኝ። "ትኩሳት ስለነበረብኝ ሁለት ጊዜ አጣጥፌ ተከናንቤ ነበር። እሷ አጠገቤ ትንቀጠቀጣለች። አውልቄ ላልብሳት አልኩና ተውኩት። በሽታው በጋቢው ይይዛታል ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ሦስት ዓመቷ ነው፤ ምን ታውቃለች? እናቴ ጋቢዋን ከለከለችኝ ብላ ይሆናል የሄደችው።"

"አታስታውሰውም" ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን እሱንም እንደ ሌላው ሳላውቅ ልናገረው ነው። ዝም አልኩ። ከሰኞ ጀምሮ የሠራሁት አንድ ደህና ነገር ቢኖር ያ ዝምታ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን አብረን ላፍቶ ወረድን። የዙሌካ እህት ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ዙሌካ ራሷ በሩን ከፈተች፤ ደልደል ያለች፣ ፈገግታ የማይርቃት ሴት ናት። ሳሎኑ ሙሉ ሻንጣ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ሁሉም በኪሎ ተለክቶ ተደርድሯል። ሚዛኑም መሬት ላይ አለ። ጋቢውን ስታይ ትንሽ ቅር አላት።

"እህቴ፣ ይኼ ከኪሎ ያልፋል" አለቻት።

ሚዛኑ ላይ አደረጉት። ኪሎ ከአራት መቶ።

"አገሩ ይበርዳል አይደል?" አለች ገበያነሽ። እኔን አልጠየቀችም፤ አልቀየማትም።

"አቤት፣ ልብ ነው የሚያደርቀው። እኔ እንኳ ስንት ዓመቴ፣ አልለመድኩትም።"

ገበያነሽ ቀሚሱን ከፌስታሉ አወጣችና ወደ ጎን አስቀመጠችው። "እንግዲያው ይህ ይቅርና ጋቢው ብቻ..." ብላ ሳትጨርስ ሚዛኑን እንደገና አየችው። ቀሚሱ ቢቀርም ጋቢው ከኪሎ ያው በአራት መቶ ግራም ያልፋል። ከዙሌካ ሻንጣ ምን ይውጣ ትበል? የሰው ዕቃ ነው። እኔ ደግሞ ይህ ሁሉ የመጣው በኔ ነው ብዬ ከኮቴ ሥር ላብ አላበኝ።

ዙሌካ ጋቢውን ከሚዛኑ ላይ አንስታ ትንሽ ዳበሰችው። ከዚያ ገልጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው፤ መስተዋት ፊት ቆማ አንድ ጊዜ ዞረች።

"ሻንጣውን ነው እንጂ የሚመዝኑት እኔን አይመዝኑኝ" አለች። "ለብሼው እሳፈራለሁ። አውሮፕላኑም ይበርዳል። ኪሎዋ ለቀሚሱና ለደብዳቤው ትሁን፤ የሚሞቅበትም ወር አላቸው፣ ያኔ ትለብሰዋለች። ጋቢውን ግን በእጄ ነው የማለብሳት።"

ገበያነሽ ጉልበቷ ላይ ልትወድቅ ስትል ዙሌካ ይዛ አስቀረቻት። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እኔም መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

ሲረጋጉ ዙሌካ "ደብዳቤውስ?" አለች። ደብዳቤ አልነበረም። ገበያነሽ በጋቢና በቀሚስ ስትጨነቅ የልጅቷ ጥያቄ ተረስቷል። ወረቀት አስመጥቼ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ።

"ምን ልጻፍልሽ?"

"እሷ እንደጻፈችው። መልክዓ ምድሩን፣ ከዚያ ታሪኩን።"

እሷ ትናገራለች፤ እኔ በፈረንሳይኛ እጽፋለሁ። መንደሩ ዳሞታ ሥር ነው። በስተጀርባው ተራራው አለ፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይወርዳል። እንሰት፣ ቦሎቄ፣ ድንች ይበቅላል። ወንዟ ትንሽ ናት፣ በበጋ ታንሳለች እንጂ አትደርቅም፤ ልብስሽን የማጥብልሽ እዚያ ነበር። ከፍታውን ስደርስ ቆምኩ። በግምት አልጽፍም። ሀናን በስልክ ጠየቅኋት፤ ፈልጋ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ገደማ አለችኝ። ጻፍኩትና "ይህ ማለት እዚህም ይበርዳል ማለት ነው" ብዬ ጨመርኩ።

"ታሪክ" አልኳት።

ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። "አባትሽ ብሩኬ ይባል ነበር፤ አናጢ ነበር፤ ቤታችንን ራሱ ነው የሠራው። አንቺ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆንሽ ሞተ። እኔ ታመምኩ። የሄድሽ ዕለት በርዶሽ ነበር፤ እኔ ጋቢ ነበረኝ። ያልሰጠሁሽ በሽታዬ እንዳይዝሽ ነው። ይኼኛውን ከዳንኩ በኋላ ነው የፈተልኩት። ንጹሕ ነው።"

ቃል በቃል ጻፍኩት። ንጹሕ ነው የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ቀና ስል ዙሌካ ጋቢውን እንደለበሰች ጥግ ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

"ይበቃል?" አልኳት ገበያነሽን።

"የነሱ ወረቀት መጨረሻ ላይ የሰው ብዛት ነበር አይደል?"

"አዎ፤ የናንተ ስንት ነው?"

"አልተቆጠርንም" አለችኝ። "በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት አንድ ጎድሏል ብለህ ጻፍ።"

አንተ አለችኝ፤ ልብም አላለችው። እኔም ጻፍኩ።